በሰማይ መንገድ፦ የሕዋ ምርምር መሣሪያ የሚሠራ ጀማሪ ኩባንያ ገንዘቡን ከማን ይውሰድ?



በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል የአገራችን ተረት። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት የገንዘብን ኃይል አጋንነው ለማሳየት ነበር። በእኛ ዘመን ግን ማጋነኑ ቀርቶ ለመንገዱ ታሪፍ ወጥቶለታል። በ2019 ስፔስኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የብዙ ደንበኞችን ትንንሽ ሳተላይቶች በአንድ ሮኬት አሰባስቦ የሚጭንበትን አገልግሎት ሲያስታውቅ፣ እስከ 200 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ጭነት የቆረጠው ዋጋ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2021 በዚህ አገልግሎት የተነሣው የመጀመሪያው ሮኬት 143 ሳተላይቶችን በአንድ ጉዞ ተሸክሟል። እንግዲህ መንገዱ መኖሩ አያከራክርም። ተረቱ ያልነገረን ሌላ ነገር አለ፦ ገንዘቡ የማን ነው? በምን ውል ተሰጠ? መንገደኛውንስ ሊሄድ ወዳሰበበት ያደርሰዋል ወይስ ወደ ሌላ ስፍራ?

እኔ የፋይናንስ መምህር ነኝ፤ ሮኬት ሠርቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከፊዚክስና ከኤሌክትሪካል ምሕንድስና ክፍሎች የሚመጡ ተማሪዎች የቢሮዬን በር ማንኳኳት ጀምረዋል። በእጃቸው ከቤተ ሙከራ የወጣ መሣሪያ፣ በአፋቸው አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ «መምህር፣ ስንት እንጠይቅ?» እኔም «ስንት» ከማለታችሁ በፊት «ከማን» በሉ እላቸዋለሁ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። አንድ የሕዋ ምርምር ኩባንያ የሚወስደው ገንዘብ ዓይነት፣ ኩባንያው በመጨረሻ የሚሠራውን የሳይንስ ዓይነት ይወስናል።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ልያዝ። ምድራችን መልክዓ ምድራዊ ወገብ እንዳላት ሁሉ መግነጢሳዊ ወገብም አላት፤ ይህም መስመር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ከራሳችን በላይ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ይህን መስመር ተከትሎ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ አዮኖስፌር በተባለው የከባቢ አየር ክፍል የሚፈጠሩ መዛባቶች የጂፒኤስን ሞገድ ያናውጣሉ። አምስት ተመራቂዎች ይህን መናወጥ ከምኅዋር ሆኖ የሚለካ፣ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ መሣሪያ ሊሠሩ፣ ለዚሁም ኩባንያ ሊያቋቁሙ ተነሡ እንበል። እነዚህን አምስት ልጆች እስከ ንግግሬ መጨረሻ አብረውን ይቆዩ።

የሳተላይቷ አካል ትንሽ ነው። በ1999 የካሊፎርኒያ ፖሊቴክኒኩ ጆርዲ ፑይግ-ሱዋሪና የስታንፎርዱ ቦብ ትዊግስ ለተማሪዎቻቸው ማስተማሪያ እንዲሆን ኪዩብሳት የተባለውን ልክ ሲያወጡ፣ መነሻቸው እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነበር። ወጪው የሚበዛው ከሳጥኑ ውጭ ነው። ሮኬቱ ሲነሣ የሚያደርሰውን ንዝረት እንደምትቋቋም ማረጋገጥ አለ፤ አየር በሌለበት ክፍል ሙቀትና ቅዝቃዜ እያፈራረቁ መፈተን አለ፤ በመንግሥት በኩል ለዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚቀርብ የሬዲዮ ሞገድ ምዝገባ አለ፤ መረጃውን የሚቀበል የምድር ጣቢያ አለ። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ደግሞ አምስቱ ልጆች የሚበሉት እንጀራ፣ የሚከፍሉት የቤት ኪራይ አለ።

ናሳ የአንድን ቴክኖሎጂ ብስለት ከ1 እስከ 9 በሚደርስ ደረጃ ይለካል። በ1 መሠረታዊው ሐሳብ ብቻ ታይቷል፤ በ9 መሣሪያው በሕዋ ላይ ሠርቶ ተመስክሮለታል። አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ የምርምር በጀት እስከ 3 ወይም 4 ያደርሳል። ባለሀብት ዓይኑን የሚጥለው ደግሞ መሣሪያው ወደ ላይኞቹ ደረጃዎች ሲቃረብ ነው። በመካከል ያለውን ሁለቱም የእኔ አይደለም ይላሉ። ዩኒቨርሲቲው «ይህ ምርምር መሆኑ ቀርቷል» ሲል ባለሀብቱ «ይህ ገና ንግድ አልሆነም» ይላል። ብዙ ጥሩ መሣሪያዎች በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰው የሚቀሩት በዚህ መካከለኛ ስፍራ ነው። ይህን ስፍራ ለመሻገር የሚያገለግሉ አምስት የገንዘብ ዓይነቶችን ልዘርዝር። እያንዳንዱ የራሱ ጥያቄና የራሱ የጊዜ ልክ አለው።

የመጀመሪያው የምርምር ድጎማ ነው። አሜሪካ በ1982 ባወጣችው ሕግ፣ ትልልቅ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከምርምር በጀታቸው የተወሰነውን ለአነስተኛ ኩባንያዎች እንዲያውሉ ደንግጋለች። ገንዘቡ በየምዕራፉ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሐሳቡ ይመረመራል፤ ያለፈው በሁለተኛው ምዕራፍ ናሙናውን ይሠራል። መንግሥት በምላሹ አክሲዮን አይወስድም። በ2010 የተቋቋመው ሜድ ኢን ስፔስ የተባለ ኩባንያ በዚህ መንገድ ከናሳ ተደግፎ፣ በ2014 ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ የተላከውን የመጀመሪያውን ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ ሠርቷል። በ2020 ሬድዋየር ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። የድጎማ ጥያቄ «አዲስ ምን ታሳየናለህ?» የሚል ነው። ጉድለቱ አዝጋሚነቱ ነው፤ በአንዱ ምዕራፍና በሚቀጥለው መካከል ያሉትን ወራት የሠራተኛ ደመወዝ አይጠብቃቸውም።

ሁለተኛው በዓይነት የሚሰጥ ድጋፍ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕዋ ጉዳዮች ቢሮና የጃፓን የሕዋ ኤጀንሲ በ2015 ኪቦኪዩብ የተባለ መርሐ ግብር ጀምረዋል። የታዳጊ አገሮች ተቋማት የሠሩትን ኪዩብሳት ያለ ክፍያ ከሕዋ ጣቢያው ወደ ምኅዋር ይለቅላቸዋል። የመጀመሪያው ተመራጭ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ሳተላይቱም በሜይ 2018 ተለቀቀች። የሞሪሸስ ሳተላይት በ2021 ተከተለች። ለአምስቱ ልጆቻችን ይህ በር ትልቅ ነገር ነው፤ የማስወንጨፊያውን ዋጋ ያነሣላቸዋል። ነገር ግን መሣሪያውን መሥራትና መፈተን የራሳቸው ዕዳ ሆኖ ይቀራል። በሩም የተከፈተው ለተቋም እንጂ ለነጋዴ ስላልሆነ ከዩኒቨርሲቲያቸው ጋር ተስማምተው መግባት አለባቸው። ከሕዋ ጣቢያው የምትለቀቅ ሳተላይት ደግሞ የምትዞረው ጣቢያው በሚዞርበት ምኅዋር አቅራቢያ ነው፤ ለጥናታቸው የሚስማማ መሆኑን አስቀድመው ማስላት ይገባቸዋል።

ሦስተኛው የደንበኛ ቅድመ ክፍያ ነው። በ2014 በብሪታንያ የተቋቋመው ብሉ ስካይስ ስፔስ የሳይንስ መረጃን እንደ ደንበኝነት አገልግሎት ለመሸጥ የተነሣ ኩባንያ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች አባል ሆነው ይከፍላሉ፤ በምላሹ ከቴሌስኮፑ የሚገኘውን መረጃ ያገኛሉ፤ በምልከታው ዕቅድም ድምፅ ይኖራቸዋል። ኩባንያው መጀመሪያ ያሰበው ትዊንክል የተባለ፣ የመስተዋቱ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ነበር። ወደ ምኅዋር የቀደመችው ግን ማውቭ የተባለች፣ የ13 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ የያዘች ትንሽ ሳተላይት ናት፤ የከዋክብትን አልትራቫዮሌት ብርሃን ትመለከታለች። ለዚህች ሥራ የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፈንድም ድጋፍ አድርጓል። ማውቭ የተወነጨፈችው በኖቬምበር 2025 ነው። ከምሥረታ እስከ መጀመሪያዋ ሳተላይት 11 ዓመት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አራተኛው የሕዝብ መዋጮ ነው። በ2013 ፕላኔታሪ ሪሶርስስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ተማሪዎችና ተራ ሰዎች የሚያዝዙት አርኪድ የተባለ የሕዋ ቴሌስኮፕ እሠራለሁ ብሎ በኪክስታርተር መዋጮ ጠየቀ። ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። በዓለም ዙሪያ ያሉ አስተማሪዎች ቴሌስኮፑን ጠበቁ። በ2014 የኩባንያው የመጀመሪያ የሙከራ ሳተላይት ከተጫነበት ሮኬት ጋር ተቃጠለች፤ ተተኪዋ በ2015 ከሕዋ ጣቢያው ተለቀቀች። በ2016 ኩባንያው 21.1 ሚሊዮን ዶላር ከባለሀብቶች ማግኘቱን አስታወቀ፤ ገንዘቡ የተገኘው ግን ምድርን ከሕዋ ለሚመለከት የንግድ አገልግሎት ነበር። በዚያው ሰሞን የሕዝቡ ቴሌስኮፕ መሰረዙ ተነገረ፤ መዋጮውም ለባለቤቶቹ እንዲመለስ ተወሰነ። በ2018 ኩባንያው ራሱ በብሎክቼይን ለሚታወቀው ኮንሰንሲስ ተሸጠ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አታላይ እንዳትፈልጉ። ገንዘቡ ተመልሷል፤ ሠራተኞቹም የሚችሉትን ያህል ደክመዋል። ልናስተውለው የሚገባው ሌላ ነው። የሕዝቡ መዋጮ ቴሌስኮፑን ለማስጀመር እንጂ ለመጨረስ የሚበቃ አልነበረም። ቀሪውን ሊሞላ የሚችለው ገንዘብ ሲመጣ የራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ። ጥያቄው «ተማሪዎች ሰማይን ያያሉን?» ሳይሆን «ምስሉን ማን ይገዛል?» የሚል ነበር። መሐንዲሶቹም ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሠሩ።

ይህም ወደ አምስተኛው ዓይነት ያደርሰናል፤ እርሱም ቬንቸር ካፒታል ነው። ፈጣንና ብዙ ነው፤ መያዣም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ድርሻ ነው። መሥራቾች በሦስት ዙር በየዙሩ 20 በመቶ አክሲዮን ቢሸጡ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 80 በመቶ፣ ከሁለተኛው በኋላ 64 በመቶ፣ ከሦስተኛው በኋላ 51.2 በመቶ ይቀራቸዋል። አራተኛ ዙር ካለ ከግማሽ በታች ወረዱ ማለት ነው። በአምስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን ራሳችሁ አስሉ። ከድርሻው በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ የጊዜው ልክ ነው። የቬንቸር ፈንድ ዕድሜ በተለምዶ 10 ዓመት ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ድርሻው ተሸጦ ገንዘቡ ከነትርፉ መመለስ አለበት። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁን ቁጥር አስታውሱ፤ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ለማስወንጨፍ 11 ዓመት። ፈንዱ ተዘግቶ ሳይንሱ ገና መጀመሩ ነው።

ቬንቸር ካፒታል ለሕዋ ምርምር አይሆንም እያልሁ ግን አይደለም። ቫርዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጁን 2023 ያስወነጨፈው ካፕሱል ሪቶናቪር የተባለውን መድኃኒት ክሪስታል በምኅዋር ሠርቷል። ካፕሱሉ ሥራውን ቢጨርስም ወደ ምድር የመመለሻው ፈቃድ ስለ ዘገየ ወራት ሙሉ በምኅዋር ዞረ፤ ዩታ በረሃ ያረፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። ኩባንያው በ2021 የ42 ሚሊዮን ዶላር መዋዕለ ንዋይ ሰብስቦ ስለ ነበር ጥበቃውን ቻለው፤ ካፕሱሉ ካረፈ በኋላ በኤፕሪል 2024 ሌላ 90 ሚሊዮን ጨመረ። ልብ በሉ፤ ኩባንያው ለባለሀብት የሚናገረው ግልጽ ገበያ ነበረው፤ የመድኃኒት ገበያ። የአዮኖስፌር መረጃ ይህን ያህል ገበያ አለው ብሎ የሚምል ሰው ካለ እኔ አልመሰክርለትም።

ከቫርዳ ታሪክ የሚወጣ አንድ ስሌት ለአምስቱ ልጆች ልስጥ። 600 ሺህ ዶላር ይዘው በወር 40 ሺህ ቢያወጡ ገንዘቡ 15 ወር ያቆያቸዋል። ፈቃድ ወይም ሮኬት ስድስት ወር ቢዘገይ 240 ሺህ ዶላር፣ ማለትም የያዙት 40 በመቶ፣ አንዲት ልኬት ሳይለኩ ይበላል። በሕዋ ሥራ መዘግየት እንደ ክረምት ዝናብ የሚጠበቅ ነው፤ በበጀቱ ውስጥ የራሱ ረድፍ ሊኖረው ይገባል።

ስለ ባንክ ብድር ሳልናገር ባልፍ ተማሪዎቼ ይታዘቡኛል። በአገራችን ባንክ ብድር ሲጠየቅ የሚቀድመው ጥያቄ የመያዣ ጥያቄ ነው፤ መያዣ ሲባልም ቤትና ሕንጻ ነው የሚታሰበው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሣሪያን የመሰለ ንብረት በመያዣነት እንዲቀርብ መንገድ ከፍቷል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ወደ ምኅዋር የሚሄድን መሣሪያ መያዣ አድርጎ የሚቀበል ባንክ፣ ተበዳሪው ባይከፍል መሣሪያውን ከወዴት ሊያወርድ ነው? ብድር የሚመች ለምድር ጣቢያው፣ ለመፈተሻ ክፍሉና ውል ለታሰረበት ሽያጭ ነው። በዚህ ላይ የምንዛሪ ጉዳይ አለ። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹ የሚገዙት በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ገቢው በብር፣ ወጪው በዶላር የሆነ ኩባንያ ሳይንሱ ቢሳካም በምንዛሪው ሊከስር ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ የውጭ ደንበኛ መያዝ ለዚህ ኩባንያ የኅልውና ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የምመክረው ቅደም ተከተልን ነው። በመጀመሪያ ድጎማና በዓይነት የሚሰጥ ድጋፍ ይፈለግ፤ በእርሱም መሣሪያው በትንሿ ሳተላይት ላይ ሠርቶ ይታይ። የብሪታንያው ኩባንያ ከትልቁ ቴሌስኮፕ በፊት ትንሹን ማስቀደሙ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ቀጥሎ መረጃውን እንገዛለን የሚሉ ተቋማት በቃል ሳይሆን በተፈረመ ውልና በቅድመ ክፍያ ይታወቁ። ተደጋግሞ የሚሸጥ ነገር መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ አክሲዮን ይሸጥ። አክሲዮኑ አስቀድሞ የተሸጠ እንደሆነ፣ ኩባንያው የራሱን ጥያቄ ገና ሳይጠይቅ የሌላውን ጥያቄ መመለስ ይጀምራል።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ መረጃው ነው። ኩባንያ ይሸጣል፤ ይከስራል፤ ዓላማውን ይለውጣል። ሳተላይት የለካው ነገር ግን ዳግመኛ አይለካም፤ የዛሬዋ ምሽት አዮኖስፌር ነገ የለም። ስለዚህ ከባለሀብት ጋር በሚደረገው የመጀመሪያ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ኩባንያው ቢሸጥም ቢዘጋም የሳይንሱ መረጃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለሕዝብ ቤተ መዛግብት ይተላለፋል የሚል። ይህን አንቀጽ በመጀመሪያው ቀን ማስገባት ይቻላል፤ ገንዘቡ በባንክ ከገባ በኋላ ግን ዋጋው ይወደዳል።

ሦስተኛው ለእኛ ለመምህራንና ለተቋማት ነው። ETRSS-1 ተብላ በላቲን ፊደል የምትታወቀው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ የምድር ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትወነጨፍ፣ ከወጪዋ አብላጫውን ቻይና እንደ ሸፈነች ተዘግቧል። ያ ጅምር የመንግሥታት ስምምነት ፍሬ ነው። አምስት ተመራቂዎች ግን ከመንግሥታት ጋር አይዋዋሉም፤ ከእኛ ጋር ነው የሚዋዋሉት። የመፈተሻ መሣሪያዎቻችንን በተመጣጣኝ ኪራይ ልንሰጣቸው፣ በቤተ ሙከራችን የተወለደ ፈጠራ የማን እንደሆነ አስቀድመን በጽሑፍ ልንወስን፣ ከሁሉ በላይ የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ልንሆን እንችላለን። ብዙ ክፍሎች ተባብረው ትንሽ ትንሽ እንደ ዕቁብ ቢያዋጡ፣ ያ ገንዘብ ከመጠኑ በላይ ይናገራል፤ መረጃውን የሚፈልግ ሰው መኖሩን ለውጭ ደንበኛውም ለባለሀብቱም ይመሰክራል።

«በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ስለ ሕዋ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል። ጥያቄውን አከብረዋለሁ። መልሴም ኩባንያ ሁሉ ይቋቋም የሚል አይደለም። አንድ ልኬት ገዢ ከሌለው፣ ኩባንያ በማቋቋም ገዢ አይፈጠርለትም፤ እንዲህ ያለው ሳይንስ በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሠራ ይሻላል፤ ይህንን ማለት ሽንፈት አይደለም። ገዢ ያለው ደግሞ፣ ለምሳሌ የጂፒኤስ ስሕተት ለሚያስቸግረው ቀያሽ ወይም ለበረራ አገልግሎት የሚጠቅመው ክፍል፣ በንግድ ሊቆም ይችላል። አንዳንድ ጊዜ አምስቱ ልጆች ሁለት ቤት መሥራት ይኖርባቸዋል፤ አገልግሎቱን የሚሸጥ ኩባንያና ሳይንሱን የሚጠብቅ ቤተ ሙከራ፤ በመካከላቸውም ግልጽ ውል። ከራሳችን በላይ ያለውን ሰማይ ማንም ሳይለካው አይቀርም። ልኬቱ የሚጀምረው በማን ጥያቄ ነው የሚለው ግን ገና አልተወሰነም፤ ከሚወስኑትም ነገሮች አንዱ እናንተ የምትፈርሙት የገንዘብ ውል ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የውሉን ሦስተኛና አራተኛ ገጽ ሳታነብቡ አትፈርሙ።